የማዘጋጃ ጋብቻዬ ከቤተ ክርስቲያን አስቀረኝ

«እትዬ፣ ተወልጄ ያደግሁት እምድብር አካባቢ፣ ካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ ከመዘምራን ተለይቼ አላውቅም። ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው። የሁለታችንም ወገን አሻፈረኝ ሲል ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ኑሮ ጀመርን። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትዳራችንም ሰላም ነው። የእህቴ ልጅ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና እናት ልሆን ሻማዬን ይዤ ብቀርብ፣ ቄሱ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹አንቺ ጋብቻሽ በሥርዓቱ አይደለም፣ ወደ ኋላ በይ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም። የእናቴ ፍትሐት ሲደረስ እንኳ ያለቀስኩት ግቢው በር ላይ ቆሜ ነው። በቀደም የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ‹እማዬ፣ አንቺ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?› ብትለኝ መልስ አጣሁ። ወደ ባለቤቴ ሃይማኖት ልግባ? ከጴንጤ ጎረቤቶቼ ጋር ልሂድ? ወይስ እንዲሁ ልኑር?»

ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያንገበገበኝ ያ የግቢው በር ነው። ያን ቀን እንዳትገቢ የሚከለክልሽ ምንም ሕግ አልነበረም። ማስቀደስ፣ መዘመር፣ መጸለይ፣ ልጆችሽን ይዘሽ መሄድ፣ ይህን ሁሉ ማንም አልነጠቀሽም። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት መልእክት፣ ፈትተው ሌላ ያገቡትን እንኳ ከቤተ ክርስቲያን እንደተለዩ አድርገው ራሳቸውን እንዳይቆጥሩ ነግረዋቸዋል። አንቺ ደግሞ ማንንም አልፈታሽም። የተከለከልሽው ቁርባን ነው፤ እሱም ቢሆን መመለሻ አለው።

ቄሱን በተመለከተ ላስቀይምሽ ነው መሰለኝ። የክርስትና እናት የምትሆን ሴት ኑሮዋ ከቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ጋር እንዲስማማ ይጠበቃል፤ ይህን እሳቸው አልፈጠሩትም። ጥፋታቸው ሌላ ነው። ከዚያ በፊት ቢሮ ጠርተው፣ ወንበር ሰጥተው «ልጄ፣ ይህ እንዲህ ይስተካከላል» ማለት ሲችሉ፣ አደባባይ ላይ ክልከላውን ነግረው መፍትሔውን ዋጡት። ካቶሊኮች በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ አንድ እንኳ ባልሞሉበት አገር፣ አንዲት ካቶሊክ ልጅ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ብትጋባ ምኑ ያስደነግጣል? እንዲህ ያለ ጉዳይ ለአንድ ቆሞስ ብርቅ መሆን የለበትም።

መፍትሔው ይኸውልሽ። እምድብርም አዲስ አበባም በግዕዝ ሥርዓት የሚቀደስባቸው ሀገረ ስብከቶች ናቸው፤ የሚተዳደሩትም እ.ኤ.አ. በ1990 በታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ጋብቻ እንዲጸና የካህን ቡራኬ ያስፈልጋል። የእናንተ የጎደለው እሱ ነው። (ይገርምሻል፣ ያኔ የባለቤትሽ ቤተ ክርስቲያን ካህን ባርኮ አጋብቷችሁ ቢሆን ኖሮ ካቶሊኮቹ ጋብቻውን የጸና ነው ይሉት ነበር። ግን እነዚያ ደግሞ መጀመሪያ እኛ ጋ ተጠመቂ ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ አይቆጭሽ።)

ሁለታችሁም ከዚህ በፊት ሌላ ጋብቻ ካልነበራችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ከጳጳሱ ፈቃድ ተጠይቆ ካህን በሁለት ምስክሮች ፊት ይባርካችኋል። ድግስ የለ፣ ቬሎ የለ። ባለቤትሽ ሃይማኖትህን ለውጥ አይባልም። ልጆቹም በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ከሆነ ጥምቀታቸው ይታወቃል፤ ዳግመኛ አይጠመቁም።

የሚከብደው ቃል መግባቱ ነው። በእምነትሽ ልትጸኚ፣ ልጆችሽም ካቶሊክ ሆነው እንዲያድጉ የምትችይውን ሁሉ ልታደርጊ ቃል ትገቢያለሽ፤ ባለቤትሽም ይህን እንዲያውቅ ይደረጋል። እሱ «ልጆቹ የእኔም አይደሉም እንዴ?» ቢል እውነት አለው። ስለዚህ ቄሱ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ማታ ልጆቹ ሲተኙ እሱን አነጋግሪው። የምትችይው ሁሉ ማለት ትዳርሽን አፍርሰሽ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ቆሞሱ እንዲያስረዱት ጠይቂ። «ከተጋባን ስንት ዓመታችን፣ አሁን ደግሞ የምን ጋብቻ ነው?» ብሎ እምቢ ካለም፣ ጳጳሱ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ጋብቻችሁን ከሥሩ የማጽናት ሥልጣን አላቸው። ይህን ብዙ ምዕመን አያውቅም፤ ራስሽ አንሺው።

ወደ ባለቤትሽ ሃይማኖት ወይም ወደ ጎረቤቶችሽ የመሄዱን ነገር ለጊዜው ተዪው። አምነሽበት ከሆነ ማንም አያግድሽም፤ ከደብዳቤሽ የሚታየኝ ግን ቅሬታ እንጂ የእምነት ለውጥ አይደለም። ለልጅሽም «ካቶሊክ ነኝ፣ ያልጨረስኩት ጉዳይ ግን አለኝ» በያት። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ለመረዳት ይበቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ በሰው ተከቦ ሳለ አትሂጂ። በሥራ ቀን ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። ያንን ቄስ ማየት ካስጠላሽ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ቁምስና ሞልቷል። የማዘጋጃውን የጋብቻ ወረቀት ያዢ፤ የጥምቀት ምስክር ወረቀትሽንም ከተጠመቅሽበት ቁምስና እህትሽ ከአሁኑ ታስፈልግልሽ፤ የድሮ መዝገብ ማገላበጥ ጊዜ ይወስዳል።