ስለ ኤሌክትሪክ ሻወርና ስለ መሬት ሽቦ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ከተማችን ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ የተቈረቈረች፣ ዝናብ የበዛባት አገር ስለ ሆነች፣ ጧት ጧት በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ በጎሬም ሆነ በመቱ በቤታቸው የኤሌክትሪክ ሻወር የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ሙቅ ውሃ ለንጽሕናም ለጤናም መልካም ነው። ነገር ግን ውሃና ኮረንቲ በአንድ ጠባብ ክፍል ሲገናኙ፣ በመካከላቸው የሚቆመው ርጥብ ገላ ያለው ሰው ነው። እኔም ይህን ሰው የሚጠብቁት ነገሮች ምን እንደ ሆኑ፣ በፊዚክስ ትምህርት ካገኘሁት ጋር አስተባብሬ ለመግለጽ አሰብሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት አያቴ ፊታቸውን ሊታጠቡ ገብተው የቧንቧውን መክፈቻ ሲነኩ፣ እጃቸውን ፈጥነው ሰበሰቡና «ውሃው ይናከሳል!» እያሉ ወጡ። እኛ ግን ብርዱ ነው ብለን ሳቅን። በማግሥቱ አባቴ ያንኑ መክፈቻ ቢነኩ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ ነዘራቸው። ወዲያው ዋናውን ማጥፊያ አጥፍተው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠሩ።

ባለሙያው መርምረው ያገኙት ሁለት ጥፋት ነው። አንደኛው፣ በሻወሩ ውስጥ ያለው የፌዝ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ነክቷል። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። ሻወሩ ሲተከል የመሬት ሽቦው ከብረቱ የውሃ ቧንቧ ጋር ታስሮ ነበር። ቧንቧው ከዓመታት በኋላ ስለ ዛገ በውጭ ያለው ክፍል በፕላስቲክ ተለወጠ። ፕላስቲክ ኮረንቲን አያሳልፍም። ስለዚህ የመሬት ሽቦው ከመሬት ጋር መገናኘቱ ቀረና ኮረንቲውን በቤት ውስጥ ላሉት ብረቶች ሁሉ የሚያድል ሆነ። አያቴን ያተረፋቸው በእግራቸው የነበረው ደረቅ የላስቲክ ጫማ ነው።

ኮረንቲ ሰውን የሚጐዳው እንዴት ነው?

ኮረንቲ የሚፈሰው የቮልት ልዩነት ባላቸው በሁለት ነገሮች መካከል ነው። ወፍ በአንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ብትቀመጥ ምንም አትሆንም፤ ሁለቱ እግሮችዋ የነኩት አንድ ዐይነት ቮልት ስለ ሆነ ነው። እጁ ኮረንቲ ያለበትን ብረት፣ እግሩ ርጥብ መሬትን የነካ ሰው ግን በሰውነቱ ጫፍና ጫፍ ትልቅ ልዩነት አለው።

የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የደረቀ ቈዳ ኮረንቲን የሚከለክልበት ኃይል ብዙ ሺህ ኦም ሲሆን፣ የርጥብ ገላ ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ በኦም ሕግ መሠረት 220ን ለ1,000 ብናካፍለው 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ኮረንቲ ጥቂት ጊዜ በደረት ውስጥ ቢያልፍ ትንፋሽን ሊያግድ፣ የልብንም ምት ሊያውክ ይችላል። አንዲት ባለ 11 ዋት አምፑል እንኳ ወደ 50 ሚሊ አምፔር ትወስዳለች። አምፑል የሚያበራው ኮረንቲ ሰውን ለመግደል ይበቃል ማለት ነው።

የመሬት ዘንግ ብቻውን ይበቃልን?

ብዙ ሰዎች «የጎሬ አፈር ሁልጊዜ ርጥብ ነው፤ አንድ ብረት ከተቀበረ ይበቃል» ይላሉ። እስቲ በሒሳብ እንመልከተው። 5,500 ዋት የሆነ ሻወር 25 አምፔር ይወስዳል፤ ስለዚህ 32 አምፔር የሆነ ብሬከር ይደረግለታል። የተቀበረው ዘንግ ከአፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት 50 ኦም ነው እንበል። ፌዙ ብረቱን ቢነካ ወደ መሬት የሚፈሰው ከ4.4 አምፔር አይበልጥም። ብሬከሩ ይህን እንደ ተራ ጭነት ቈጥሮ ዝም ይላል፤ ብረቱም ኮረንቲ እንደ ያዘ ይቆያል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ በክረምት ተለክቶ መልካም የተባለ ዘንግ በየካቲትም እንደዚያው ነው ብሎ መተማመን አይገባም።

ይህን ጕድለት የሚሞላው ባለሙያዎች አር ሲ ዲ የሚሉት ማጥፊያ ነው። ሥራውም በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኮረንቲ ማመዛዘን ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የጐደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ፣ እየፈሰሰ ነውና ወዲያው ያጠፋል። ለመታጠቢያ ቤት የሚፈለገው በ30 ሚሊ አምፔር የሚያጠፋው ነው። የመሬቱ ዘንግ በበጋ 500 ኦም ቢደርስ እንኳ፣ ማጥፊያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በብረቱ ላይ ሊቆይ የሚችለው 15 ቮልት ያህል ነው።

ብረቶችን እርስ በርስ ስለ ማሰር

ማጥፊያም እንደ ማንኛውም መሣሪያ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ጥበቃ ያስፈልጋል። ይኸውም በመታጠቢያ ቤት ውስጥ እጅ የሚደርስባቸውን ብረቶች፣ የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ፣ የብረት ፍሳሽ፣ የሻወሩን የመሬት ሽቦ፣ የሚቻልም ከሆነ የወለሉን ፌሮ በአንድነት ማሰር ነው። ያን ጊዜ ኮረንቲ ቢያመልጥ ሁሉም ባንድነት ከፍ ይላል፤ በእጅና በእግር መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል፤ ሰውም በሽቦ ላይ እንደ ተቀመጠችው ወፍ ይሆናል። ለዚህ ማሰሪያ መከላከያ ቱቦ ከሌለው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ይበቃል።

በአገራችን ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ የሚደነግግ የሕንፃ ደረጃ ወጥቷል፤ ሥራው በዘፈቀደ የሚሠራ አይደለም።

ወላጆች ሻወር ሲያስገቡ እነዚህን ነገሮች ቢጠይቁ ይጠቅማል፤

1ኛ/ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ከሻወሩ እስከ ዋናው ሳጥን ሳይቋረጥ ደርሷልን? ውፍረቱስ ከፌዙ ሽቦ ጋር እኩል ነውን?

2ኛ/ የመሬት ሽቦው በውሃ ቧንቧ ብቻ ታምኖ አልቀረምን?

3ኛ/ የመሬት ሽቦው በሻወሩ ዘንድ ከኒውትራል ጋር አልተገናኘምን? እንዲህ ከተደረገ፣ ኒውትራሉ በመንገድ ላይ ሲበጠስ የሻወሩ ብረት 220 ቮልት ይሆናል።

4ኛ/ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ ውሃ በሚረጭበት ስፍራ የለምን? ሶኬትስ ከዚያ ርቋልን?

5ኛ/ 30 ሚሊ አምፔር የሆነው ማጥፊያ ገብቷልን? እርሱም ደጋግሞ ቢያጠፋ ምክንያቱን ማስፈለግ እንጂ ማጥፊያውን አስነሥቶ በቀጥታ ማገናኘት አይገባም።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ! ይህን ያነበብን ሁሉ ባለሙያ ሆነናል ብለን ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘን እንዳንነሣ አደራ እላለሁ። የእኛ ድርሻ ማወቅ፣ መጠየቅና ለቤተ ሰቦቻችን ማስረዳት ነው። ከቧንቧ ትንሽ መንዘር ሲሰማም ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው እንጂ እንደ እኛ መሳቅ አይገባም።

በቤታችን አዲስ የመሬት ሽቦ ተዘረጋ፣ ብረቶቹም ታሰሩ፣ ማጥፊያውም ገባ። በማጥፊያው ላይ መፈተኛ ቁልፍ ስላለ በየወሩ ተጭኜ ማጥፋቱን አረጋግጣለሁ። ብረሳም አያቴ ወር በገባ ቁጥር «የሚናከሰውን ውሃ ጠባቂ አየኸው ወይ?» እያሉ ያስታውሱኛል።