ወንጪ በአንድ ቀን፦ ቁልቁለቱ የጠዋት፣ ዳገቱ የከሰዓት

ተራራ የለመደ ሰው ጠዋት በሙሉ ጉልበቱ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ደክሞ ይወርዳል። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ወንጪ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መኪና የሚያደርሳችሁ ጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። ሐይቁ፣ ሸለቆው፣ ፍል ውሃውና ፏፏቴው ያሉት ከሥር ነው። ትኩስ ጉልበታችሁ በቁልቁለቱ ያልቅና ዳገቱ ሲደክማችሁ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የቀኑን ዕቅድ ከመመለሻው ጀምራችሁ አውጡ።

1. ወቅቱን ምረጡ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ወንዞችና ፏፏቴዎች ከክረምቱ እንደሞሉ ናቸው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሸንተረሩም በአደይ አበባ ያሸበርቃል። ከታኅሣሥ በኋላ መንገዱ ይደርቃል፣ ፏፏቴው ግን ይቀንሳል። በሐምሌና በነሐሴ ቁልቁለቱ ጭቃ ስለሆነ ያዳልጣል፤ ጉምም ሐይቁን ይጋርደዋል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በስልክ አረጋግጡ። አምቦ ያለ ዘመድ ወይም ሆቴል፣ አለዚያም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ትክክለኛውን ይነግራችኋል።

2. ዋዜማውን አምቦ እደሩ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ ያልፋል። በጊዜ ከደረሳችሁ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ቀጥሉና የጉደርን ፏፏቴ እዩ። እግር ለማፍታታትም ጥሩ ነው። ዳር ያለው ድንጋይ ስለሚያዳልጥ ግን ወደ ጫፉ አትጠጉ። አምቦ የምትገኘው 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን የወንጪ ከፍተኛው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው አንድ ሌሊት አምቦ ማደሩ ሰውነቱን ያለማምድለታል።

3. ስንቁንና ልብሱን ማታ አዘጋጁ

- ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፤ ግማሹ ለዳገቱ የሚቀመጥ
- በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ከተገኘም ጭኮ፤ ክብደታቸው ትንሽ፣ ኃይላቸው ብዙ ነው
- ሹራብና የዝናብ ልብስ፤ አፋፉ ላይ ጠዋት ይበርዳል
- ባርኔጣ፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይ በብርድም ቢሆን ታቃጥላለች
- ሶሉ ያላለቀ፣ የለመዳችሁት ጫማ
- ዱላ፣ ነጠላ፣ ዝርዝር ብር፣ የቆሻሻ ፌስታል

የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። በረጅም ቁልቁለት ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ስለሚጋጭ ረጅም ጥፍር ያቆስላል።

4. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሡ

በወሊሶ መንገድ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ አፋፉ ላይ ትደርሳላችሁ። የአካባቢውን መንገድ መሪ ቅጠሩ፤ የፈረስ፣ የጀልባና የመሪ ዋጋ ከመነሣታችሁ በፊት ይቆረጥ። የባለፈረሱን ስልክ ተቀበሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሚደክም ሰው ቢኖር ያስፈልጋችኋል። ሰላምታችሁ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» ቢሆን፣ ምስጋናችሁም «ገለቶማ»፣ ፊት ይፈታላችኋል።

አፋፉ ላይ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው አይውረድ። በሌላ ተራራ መውረድ መድኃኒት ነው፤ እዚህ ግን የወረደ ሰው ተመልሶ መውጣት አለበት።

5. በዝግታ ውረዱ

የጫማችሁን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። እርምጃችሁ አጭር፣ ጉልበታችሁ በትንሹ የታጠፈ ይሁን፤ ዱላው ከፊት ይቅደም። በእንሰትና በገብስ ማሳ አጠገብ ስታልፉ ከመንገዱ አትውጡ፤ የምትረግጡት የሰው ጉሮሮ ነው።

6. ሐይቁንና ሸለቆውን እዩ

በጀልባ ተሻግራችሁ ደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሳለሙ። ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ አጣፉ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሸለቆ ፍል ውሃና የማዕድን ውሃ ይፈልቅበታል፤ ምሳችሁን እዚያ ብሉ። የፍል ውሃውን ሙቀት መሪያችሁ ሳይነግራችሁ እጅ አትንከሩ።

ዙሪያውን ስትቃኙ ይህን ልብ በሉ፦ የወንጪ ውሃ ወደ ኦሞ ተፋሰስ ይሄዳል፤ ከጎረቤቱ ከደንዲ ሐይቅ የሚነሣው የሁሉቃ ወንዝ ግን በአምቦ አልፎ ወደ ዓባይ ይገባል። እነዚህ ሸንተረሮች ሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ይለያሉ።

7. የመመለሻውን ሰዓት አስሉ

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ 1 ሰዓት ተጨማሪ። መውጫው 4 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 450 ሜትር ቢሆን 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አየሩ ስስ ስለሆነ ግማሹን ጨምሩበት፤ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይመጣል። ስለዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ያላያችሁት ቢቀርም፣ ፊታችሁን ወደ ዳገቱ አዙሩ። አፋፉ ላይ ከ10 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ አምቦ የምትገቡት ሳይመሽ ነው።

8. ዳገቱን በደካማው ሰው ልክ ውጡ

ደካማውን ከፊት አስቀድሙ፤ ሌላው በእሱ እርምጃ ይሂድ። እየሄዳችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በየግማሽ ሰዓቱ 3 ደቂቃ ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ በሶውን ቅመሱ። ጉልበቱ የከዳውን ሰው ፈረስ ላይ ማውጣት ነውር የለውም።

ወንጪን የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። ይህን ክብር የሚጠብቅላት ገበሬው ብቻ አይደለም። መሪውን፣ ፈረሱን፣ ማሩን ከአካባቢው ሰው ግዙ፤ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጓደኞቻችሁንም ስትመክሩ ከሁሉ በፊት ይህን ንገሯቸው፦ ለዳገቱ የሚበቃ ጉልበትና ሰዓት ሳይዙ ወደ ሐይቁ አይውረዱ።