የጉናን ውርጭ በቅርበት ማንሳት

ጥያቄ፦ የምኖረው ጉና ተራራ አጠገብ፣ ገሳይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ የተጋገረውን ውርጭ በቅርብ ላነሳ ስሞክር ይደበዝዝብኛል። ያለኝ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ ነው። የማክሮ ሌንስ ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። እንዲህ ያለው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች ሲጠጋ ጥርት አድርጎ አያነሳም። መፍትሔው በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው፤ መስታወት ስለሌለው ዋጋው ከማክሮ ሌንስ በእጅጉ ያንሳል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ውርጩን ሴንሰሩ ላይ በግማሽ መጠኑ ያሳርፈዋል፤ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ በልኩ። የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለውን ይምረጡ፤ ያለዚያ በብዙዎቹ አዳዲስ ሌንሶች የብርሃን ቀዳዳውን ማዘዝ አይችሉም።

በልኩ ሲያነሱ ጥርት የሚለው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ኤፍ 11 ላይ እንኳ 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ካሜራው ከሣሩ ቅጠል ጋር ትይዩ ይሁን። ራስ ሰር ትኩረቱን ያጥፉና ካሜራውን ራሱን በቀስታ ያስጠጉ፣ ያርቁ። ለመደገፊያ ባቄላ በግማሽ የሞላ ከረጢት ይበቃል፤ እኔማ መሬት ላይ ከትራይፖድ አስበልጠዋለሁ።

ወደ ጉና ከወጡም ጅብራውን በሙሉ ለማስገባት አይድከሙ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ይበቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ቦታው ላይ ይገኙ፤ ፀሐይዋ ከውርጩ ጀርባ ስትመጣ ያበራል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀልጣል። ትርፍ ባትሪ ደረት ኪስዎ ውስጥ ይሙቅ። እሳት ወዳለበት ቤት ከመግባትዎ በፊት ካሜራውን በፌስታል አጥብቀው ይቋጥሩት፤ እርጥበቱ ፌስታሉ ላይ ይቅር።