ከጭቃ፣ ከሽቦና ከፊደል የሚወጣ ሥራ

ሠዓሊ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ተሥለው እናያለን። ደራሲ ሲባል ደግሞ ድሮ የሞተ ትልቅ ሰው ይመስለናል። እንዲህ ማሰባችን ስሕተት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። ዛሬ በሕይወት ያሉ፣ እንደኛው ገበያ ወጥተው የሚመለሱ ሠዓሊዎች አሉ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ጽፈው ለሕዝብ ያቀረቡ ደራስያንም አሉ። በዚህ ምንባብ ስለ አንድ ሠዓሊና ስለ አንዲት ደራሲ ሰፋ አድርገን፣ ስለ ሌሎቹ ደግሞ በጥቂቱ እናነባለን።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ዓመቱ አቆጣጠር እንስማማ። ዓ.ም. የሚል ከሌለበት በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሱ። ለምሳሌ 2019 በእኛ 2011 ወይም 2012 ዓ.ም. ይሆናል። መቀነስን የተማራችሁ በከንቱ አይደለም፤ ስታነቡ በየመስመሩ ሞክሩት።

ኤልያስ ስሜ በ1968 በአዲስ አበባ ከተማ ተወለደ። ልጅ ሳለ መስፋትና መጥለፍ ይወድ ነበር። በአገራችን ጥልፍ የሴት ሥራ ነው ስለሚባል፣ ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ ሲቀመጥ ምን እንደሚሉት ታውቁታላችሁ። (ሸማውን የሚሸምነው ወንድ መሆኑን ግን ማንም አያነሳውም።) ካደገም በኋላ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ወደ መሠረቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። በ1990 ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ቀለምና ብሩሽ ብቻ አልበቃውም። ክር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ላስቲክ፣ ቆዳ፣ ቀንድ፣ ጭቃና ጭድ የሥራው ዕቃዎች ሆኑ። እኛ ከደጃፍ ጠርገን የምንጥለውን እሱ ያነሣዋል።

በተለይ የታወቀው ከተሰበሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በሚሠራቸው ሥራዎች ነው። ይህን ትንሽ እናብራራው። ራዲዮ፣ ስልክ፣ ኮምፒዩተር የሚባለው የጽሕፈትና የሒሳብ መሣሪያ ሁሉ ሲከፈት በውስጡ ቀጫጭን ሽቦ አለው። ሽቦው መዳብ ነው። በላዩም ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የላስቲክ ልባስ አለው። እንዲህ ያለው ዕቃ በውጭ አገር ተሠርቶ ወደ እኛ ይመጣል፤ አርጅቶ ሲሰበር ደግሞ የቁርጥራጭ ገበያ ውስጥ ይገባል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ያረጀ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የተሰባበረ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ኤልያስ ሽቦውን የሚያገኘው ከመርካቶ ነጋዴዎች ነው።

ሽቦውን ምን ያደርገዋል? እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል። የተጎነጎነውን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይደረድራል። ሰሌዳዎቹ ሲገጣጠሙ አንዳንዱ ሥራ የቤት ግድግዳ ያህላል። ቀለሙ የሚመጣው ከብሩሽ ሳይሆን ከሽቦው ልባስ ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ጉንጉን ሽቦ ነው፤ ራቅ ብሎ ለሚያየው ግን ከተራራ አናት ላይ ቁልቁል የሚታይ አገር ይመስላል። እዚህ የታረሰ ማሳ፣ እዚያ ገና ያልታጨደ እህል፣ በመካከል ወንዝና ድንበር ያለ ያስመስለዋል።

ለእነዚህ ሥራዎች የሰጣቸው ስም በአማርኛ «የተወጠረ ገመድ» እንደ ማለት ነው። በገመድ ላይ የሚራመድ ሰው ወዲህም ወዲያም ካጋደለ ይወድቃል። ሠዓሊው የሚለው አዲሱ መሣሪያ ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ ሰው በመካከል ሚዛኑን ጠብቆ መሄድ አለበት ነው። ነገሩ እውነት ነው። ስልክ ለገበሬ የእህል ዋጋ ያሰማዋል። የተሰበረው ስልክና ያለቀው የባትሪ ድንጋይ ግን በውስጡ መርዝነት ያለው ነገር አለው። መዳቡን ለማውጣት ሲባል ሽቦ ማቃጠልም ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። የባትሪ ድንጋይ ወደ ምድጃ ወይም ወደ ምንጭ አካባቢ መጣል የለበትም። ይህን ያልኩት ከሥዕሉ ርዕስ ወጥቼ አይደለም፤ ሥዕሉ ራሱ የሚናገረው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

አሁን አንድ ሰው «ታዲያ ይህ ሥዕል ነው ወይ? ሽቦ መጎንጎን ማን ያቅተዋል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከቤታችን እንፈልገው። አንዲት እናት መሶብ ስትሰፋ ሰንደዶ ታዘጋጃለች፣ አክርማ ታርሳለች፣ አለላውን በየቀለሙ ትነክራለች። ከዚያም ቀዩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ጥቁሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በልቧ ቆጥራ በወስፌ ትሰፋለች። በወረቀት ላይ የነደፈችው ነገር የለም። ሣሩ ከሜዳ የመጣ ነው፤ መሶቡ ግን ከሜዳ አልመጣም። ልዩነቱን ያመጣው የሴትዮዋ ሐሳብና እጅ ነው። ኤልያስም በሽቦ የሚሠራው ይህንኑ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንዲያውም እኔ መሶቡን ከሥዕሉ የማሳንስበት ምክንያት አይታየኝም። መሶቡ በየቤቱ ስላለ ነው ዓይናችን የለመደው።

ለገጠር አንባቢ ይበልጥ የሚደንቀው ግን ሌላው ሥራው ነው። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ ዞማ ሙዚየም የሚባል ቦታ ሠርቷል። መስከረም የሰውን ልጅ አኗኗርና ባህል ያጠናች፣ የሥዕል ትርኢት የምታዘጋጅ ባለሙያ ናት። ሙዚየም ማለት የሚታይና የሚጠና ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ዞማ በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ። ቤቶቹ የተሠሩት ከምን ይመስላችኋል? ከጭቃና ከጭድ ነው!

የጭቃ ቤት አሠራር ለእናንተ የሚነገር አይደለም። አፈሩ ይቆፈራል፣ ጭድ ይደረግበታል፣ ውኃ ይጠጣል፣ በእግር ይረገጣል፣ ሳይቸኮል እስኪበስል ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ጭቃውን አስተሳስሮ ይይዘዋል፤ ሲደርቅም እንዳይሰነጣጠቅ ይረዳዋል። ከዚያ ምርጊት ነው። ጭቃውን አቻኩሎ የለጠፈ ሰው ክረምት ሲገባ ዋጋውን ያገኛል። የዞማ ሠሪዎችም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ፣ ግድግዳው ለስልሶ ብቻ አልቀረም። ገና እርጥብ ሳለ በእጅ እየተበጀ መስመርና ቅርጽ ወጥቶበታል፤ የተጠለፈ ጨርቅ ይመስላል። በግቢው አትክልት ይለማል፣ ከብትም አለ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤትም አለ።

በከተማ የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጭቃውን አፍርሶ ብሎኬት መደርደር ነው። በገጠርም ይኸው ሐሳብ እየገባ ነው። ብሎኬት መጥፎ ነው አልልም፤ ለምስጥና ለጎርፍ ይሻላል። ጭቃ ግን ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይከላከላል፤ አፈሩም በግቢ ይገኛል። ይህን ዕውቀት የያዙት አናጢዎችና መራጊዎች እያረጁ ነው። ልጆቻቸው ካልተማሩት ከእነሱ ጋር ይቀበራል። ሁለቱ ሰዎች ይህን ሥራ ከተማ መካከል አቁመው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሳይቀር እንዲያየው አድርገዋል። የኤልያስ ሥራዎችም በአሜሪካና በአውሮፓ ታላላቅ ሙዚየሞች ታይተዋል፤ በ2022 በጣሊያን አገር በቬኒስ ከተማ በሚደረገው ትልቅ የሥዕል ትርኢት ላይ ቀርበዋል።

ከሥዕል ወደ መጽሐፍ እንለፍ።

ማዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልዳ ገና ሕፃን ሳለች ከአብዮቱ በኋላ ከቤተሰቧ ጋር ከአገር ወጣች። በናይጄሪያና በኬንያ ቆይታ አሜሪካ አደገች። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ2010 ታተመ። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ በአብዮቱ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ስለሚኖር ሐኪምና ስለ ሁለት ልጆቹ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከልቡ አመንጭቶ የሚጽፈው ታሪክ ነው። ውሸት ማለት ግን አይደለም። ሰዎቹ የተፈጠሩ ይሁኑ እንጂ የደረሰባቸው መከራ በብዙ እውነተኛ ሰዎች ላይ የደረሰ ነው። የማዛ ሦስት አጎቶች በዚያ ዘመን ሞተዋል። በልጅነቷ ያየችውንና የሰማችውን፣ ትልልቆቹ ግን ሊያወሩት ያልፈለጉትን ነገር ነው ወደ መጽሐፍ የለወጠችው።

ሁለተኛው መጽሐፏ በ2019 ወጣ። ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ ዘመቱ ሴቶች ይናገራል። በ2020 በእንግሊዝ አገር ቡከር ለሚባለው ትልቅ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ ዙር ደርሶ ነበር። ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጥላ እንደገና ከሀ ጀምራለች። ጣሊያን ሄዳ መዝገብ አገላብጣለች፣ ወታደሮቹ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ሰብስባለች።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ማዛ እንደተናገረችው፣ መጽሐፉን ልትጨርስ ስትቃረብ እናቷ ስለ ቅድመ አያቷ ነገሯት። ጣሊያን ሲመጣ ከየቤቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ይዝመት ተባለ። በቅድመ አያቷ ቤት ወንዶቹ ትንንሾች ነበሩ። የመጀመሪያ ልጅ እሳቸው ስለነበሩ «እኔ እዘምታለሁ» አሉ። አባትየው ግን ጠመንጃውን ለልጅቷ ባል ሊሰጡ አሰቡ። ልጅቷ ዝም አላሉም። አባታቸውን ከሽማግሌ ፊት አቁመው ስለ ጠመንጃው ተሟገቱ፤ ረቱም። ጠመንጃቸውን ይዘው ዘመቱ።

ስለ ዘማች ሴቶች ለዓመታት በመዝገብ ቤት ስትፈልግ የኖረች ደራሲ ይህ ታሪክ በገዛ ቤቷ እንደነበረ አታውቅም ነበር። እናቷን «ለምን አልነገርሽኝም?» ብትላቸው፣ የሰጧት መልስ ጠይቃቸው እንደማታውቅ ነው። ያች ሴትዮ ስማቸው በጣሊያን መዝገብ የለም፤ በእኛም መዝገብ የለም። የነበረው በአንዲት እናት አፍ ላይ ብቻ ነበር። እናትየው ሳይናገሩ ቢያልፉ ኖሮ ሙግቱም፣ ጠመንጃውም፣ ዘመቻውም አብሮ ባለፈ ነበር። በየመንደሩ እንዲህ ያለ ስንት ነገር እንዳለ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። የርስት ድንበር የት እንደነበረ፣ የወረርሽኙ ዓመት ማን ማንን እንደቀበረ፣ ምንጩን መጀመሪያ ማን እንደቆፈረ፣ ይህ ሁሉ በጥቂት አረጋውያን አፍ ላይ ነው ያለው። ደብተርና እርሳስ ያለው የልጅ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ካልጠየቃቸው ማን ይጽፈዋል?

ሌላው ደራሲ ዲናው መንግሥቱ ነው። በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በ2 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተወሰደ። በ2007 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ በዋሽንግተን ከተማ ትንሽ ሱቅ ስላለው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይተርካል። ልጁን ወደ ባዕድ አገር የላከ ወላጅ ቢያነበው ልጁ ለምን ጥቂት ብቻ እንደሚናገር የሚገባው ይመስለኛል።

በአገር ውስጥ በአማርኛ የሚጽፈው ጀማሪ ደራሲ መንገዱ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የማተሚያውን ገንዘብ የሚከፍለው ራሱ ነው። ጥሪት ያለው ከጥሪቱ፣ የሌለው ከዘመድ ተበድሮ ለማተሚያ ቤት ያስይዛል። ከዘር በፊት ዘሩን እንደሚበደር ገበሬ ማለት ነው። ወረቀት ከተወደደ ይጎዳል። መጽሐፉ ሲወጣ ከፊሉ በመደብር፣ ከፊሉ በክንዳቸው ላይ ቆልለው በሚያዞሩ ልጆች ይሸጣል። ካልተሸጠ ዕዳው ይቀራል፤ መጽሐፉም በአልጋ ሥር ይከማቻል። እንዲህ ሆኖም በየዓመቱ አዳዲስ ስሞች ይወጣሉ።

የበዓሉ ግርማ የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። በውስጡ ያለው ዋናው ሰው አበራ ደኅና ሥራና ደመወዝ ያለው፣ ዘመዶቹ የሚመኩበት ሰው ነው። እሱ ግን ሥዕል መሣል ይፈልጋል። ሁሉም «እህል በልተህ ትደር፤ ሥዕል ምን ያደርግልሃል?» በሚልበት አገር የሚመርጠው መንገድ ብዙ ያስከፍለዋል። የመጽሐፉን መጨረሻ ግን እዚህ አልናገርም፤ አግኝታችሁ አንብቡት።

ለመወያየት፦ በመንደራችሁ መሶብ በመስፋት፣ ሸክላ በመሥራት ወይም ቤት በመመረግ የታወቀ ማን ነው? ሥራውን ከማን ተማረ? ለማንስ እያስተማረ ነው? የማዛ ቅድመ አያት አባታቸውን ከሽማግሌ ፊት ማቆማቸውን እንዴት ታዩታላችሁ? ከዚህ በኋላ በደብተራችሁ አምስት መስመር ጻፉ፤ የምትጽፉት ዕድሜያቸው ከሁላችሁም ከሚበልጠው ሰው የሰማችሁትንና እስከ ዛሬ ማንም ያልጻፈውን ነገር ይሁን። የሰውየውን ስምና ነገሩ የሆነበትን ዘመን አትርሱ።