ውሉ ያለው ወረቀቱ ላይ ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ አምቦ ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ቤቱን መቼ እንደምለቅ አላውቅም። ረጅም ውል ሳልገባ የቤት ኢንተርኔት ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። የፋይበር ወይም የመዳብ መስመር የሚዘረጋው ለግቢው እንጂ ለተከራዩ አይደለም፤ ቤት ሲለቁ ማዛወሪያ ማመልከት ይኖርብዎታል፣ አዲሱ ሰፈር መስመር ከሌለው ደግሞ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሻለው ሲም ካርድ የሚገባበት ዋይፋይ ራውተር ነው፤ ሂሳብ ሞልተው የወር ጥቅል ይገዛሉ፣ ካልተስማማዎት በሚቀጥለው ወር አይገዙም። ነገ ጉደር ወይም ግንጪ ቢዛወሩም በቦርሳ ይዘውት ይሄዳሉ። ባትሪ ያለውን ከመረጡ መብራት ሲጠፋም ወዲያው አይቋረጥብዎትም።

ጥቅሉ ቶሎ ያልቃል የሚል ሙግት ይነሳል፤ እውነት አለው። አራት አምስት ሰው ቪዲዮ የሚያይበት ቤት ከሆነና ባለቤቱ እርስዎ ከሆኑ፣ ያልተገደበ መስመር ያዋጣል። ለተከራይ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ቴሌ ብቻውን አይደለም፤ ማማረጥ የሚቻለው ግን ራውተሩ የሁለቱንም ሲም ሲቀበል ነው። ለአንዱ ብቻ የተቆለፈ ራውተር ያልተፈረመ ውል ነው፤ ዋጋው ቢረክስም አልመክርም። ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲግናል ያዳክማል። ስለዚህ ራውተር ሳይገዙ በፊት የሁለቱንም ሲም በስልክዎ፣ መስኮቱ አጠገብና ጓዳ ውስጥ፣ ሰው በሚበዛበት ማታ 2 ሰዓት ላይ ይሞክሩ።