ፎቶ እናንሳ፤ ወፏን ግን ከጎጆዋ አናስነሳ



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ጎንደርና ዙሪያዋ ያሉት ደጋዎች በአደይ አበባ ይሸፈናሉ። ጀመዓችን ለሽርሽር ወደ አትክልት ሥፍራ ሲወጣም ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን ወፍና ቢራቢሮ ፎቶ ለማንሳት እንሽቀዳደማለን። ነገሩ በመሠረቱ መልካም ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ 19ኛ አንቀጽ ከበላያችን የሚበሩትን ወፎች እንድንመለከት ይጠራናል። በሱረቱ ነሕል 68 እና 69 ደግሞ የንብን ሥራ ለሚያስተነትኑ ሰዎች ምልክት አድርጎታል። የዛሬው ትምህርታችን የሚያነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ምልክቱን ለማየት ስንል ፍጡሩን እየጎዳን ይሆን?

ሕይወት ያለውን ፍጡር በካሜራ ስለማንሳት ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው። ከፊሎቹ በሐዲስ ከተከለከለው ሥዕል ጋር ያያይዙታል፤ ብዙ የዘመናችን ዑለሞች ደግሞ በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል ቆጥረው ይፈቅዱታል። በዚህ ላይ የምንተማመንበትን ዓሊም እንጠይቅ። ከዚህ በታች ያለው አደብ ግን ለሚያነሳውም ቆሞ ለሚያየውም ነው።

1. የእናት ወፍ ሐቅ

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶችን ወሰዱ። እናቲቱም መጥታ ክንፏን ታርገበግብ ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ጫጩቶቹ እንዲመለሱላትም አዘዙ።

እኛ ጫጩት ባንወስድም እናቲቱን ልናስጨንቅ እንችላለን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጧቷ ይቀዘቅዛል። ወፏ ፈርታ ከእንቁላሎቿ ተነስታ ከቆየች እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ። ለማንሳት እንዲመቸን ቅርንጫፍ ከቆረጥን ጎጆው ለፀሐይና ለጭልፊት ይጋለጣል። ለመብረር የተቃረቡ ጫጩቶች ደግሞ ሰው ሲጠጋቸው ያለ ጊዜያቸው ዘለው ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ጎጆ ካየን ራቅ እንበል፤ ቦታውንም በቴሌግራም አንለጥፍ። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ መጥራትም ይቅር፤ ወፉ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ምግብ ፍለጋውን ትቶ ይጨነቃል።

2. የነፍሳት ሐቅ

በሌላ የአቡ ዳውድ ዘገባ፣ እንዳይገደሉ ከተከለከሉት ውስጥ ጉንዳንና ንብ ይገኙበታል። አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች ነፍሳት እንዳይንቀሳቀሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ይህ ለእኛ አያስፈልገንም። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት በአብዛኛው ከፀሐይ ስለሆነ በማለዳ ቀዝቀዝ ብለው ይቀመጣሉ። ከፈጅር ሶላት በኋላ ፀሐይ ወጣ ስትል የደረሰ ሰው ሳይነካቸው ያነሳቸዋል።

ንብንም አናባርር። ንብ በአንድ ጉዞዋ ብዙውን ጊዜ የምትቀስመው ከአንድ ዓይነት አበባ ነው። አደይ አበባ ላይ ካየናት፣ አደዩ በበዛበት ቆመን ብንጠብቅ ሌላ ንብ ትመጣለች።

3. ትዕግሥትና ብርሃን

በደጋችን አበባ የምትቀስም፣ ምንቁሯ ቀጭንና ጎባጣ የሆነ አንዲት ወፍ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ከእኛው ተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው፦ ኔክታሪኒያ ታካዜ። ወንዱ በደመና ሲታይ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን፣ ከአበባው ጥቂት ሜትር ርቀን ዝም ብለን እንቁም። ስናነሳ የስልኩን ትኩረት ዓይኑ ላይ እናድርግ፤ ፍላሽ አንጠቀም።

ወፏ መብላቷን ካቆመች፣ ከጮኸች ወይም አንገቷን ቀና አድርጋ ካፈጠጠችብን ቀርበናታል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስ። ፎቶው ቢያመልጠንም ሐቋን ጠብቀናል፤ አጅሩንም ከአላህ እንከጅላለን።

ወላሁ አዕለም።