የፈረንሳዮቹ የብረት ቆብ

ከአምቦ ወንጪ በሞተር ብስክሌት ሰው የሚያመላልስ ወጣት ነው። ተሳፋሪው ወደ ወንጪ ሐይቅ እስኪወርድ ድረስ ከአፋፉ ላይ ከተቀመጡት አዛውንት አጠገብ ቁጭ አለ። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ልጁ በስልኩ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አሳያቸው። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ጠባብ ሸንተረር ያለው የብረት ቆብ የደፉ የፈረንሳይ ወታደሮች ይታዩበታል።

«መምህር፣ ይቺ አናቱ ላይ ያለችው ነገር ለጌጥ ናት?»

«ለጌጥም ናት፣ ሥራም አላት» አሉ መምህሩ። «ቆቡ አናቱ ላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፤ እሷ ትከድነዋለች። ከላይ የሚወርድ ስብርባሪ ሲመታት ደግሞ ሁለተኛ ሽፋን ትሆናለች። የፓሪስ እሳት አጥፊዎች ይደፉት የነበረውን አይተህ ቢሆን ኖሮ ዘመዳሞች መሆናቸው አይጠፋህም።»

«ከዚያ በፊት ምን ይደፉ ነበር?»

«ጨርቅ! እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር የፈረንሳይ እግረኛ ግንባር የደረሰው በጨርቅ ቆብና በቀይ ሱሪ ነው።»

ልጁ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ወታደሩ ምሽግ ቆፍሮ ሲገባ ለጠላት የሚጋለጠው ጭንቅላቱ ብቻ እንደነበር፣ መድፉም አየር ላይ እየፈነዳ የእርሳስ ድቡልቡልና የብረት ስብርባሪ ያዘንብ እንደነበር አስረዱት። በ1915 መጀመሪያ ጦሩ ከጨርቁ ቆብ ሥር የሚደረግ የብረት ጣሳ መሰል ነገር ለወታደሩ አደለ፤ 700 ሺህ ያህል ተሠርቷል። ብዙ ወታደር ግን ስላልተመቸው ምግብ ሠራበት።

«እውነተኛውን ቆብ ያወጣው ኦጉስት ልዊ አድሪያን የሚባል የስንቅና ትጥቅ ሹም ነው። አንድ ቁስለኛ የምግብ ሳህኑን ከቆቡ ሥር አድርጎ መትረፉን ነግሮት ሐሳቡ መጣለት ይባላል። ውፍረቱ 0.7 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ከ700 ግራም ብዙ የማይርቅ ነገር ነው። 1915 ሳያልቅ ወደ 3 ሚሊዮን ተሠራ። ቤልጂጎች፣ ሰርቦች፣ ሩማንያዎች፣ ጣሊያኖችም ወሰዱት። እንግሊዛዊው ቸርችል እንኳ ግንባር በነበረ ጊዜ የአገሩን ትቶ ይህንኑ ይደፋ ነበር።»

«ከእኛ አካባቢስ የደፋው ሰው አለ?»

ይህ ጥያቄ መምህሩን አነቃቃቸው። ፈረንሳይ ከጅቡቲ ጠረፍ መልምላ ያዘመተችው የሶማሌ ሻለቃ ነበረ። ጥቅምት 14 ቀን 1909 ዓ.ም. ቬርደን አጠገብ ያለውን የዱዎሞን ምሽግ ከጀርመኖች ሲያስመልሱ የዚያ ሻለቃ ወታደሮች ከሴኔጋል ተኳሾች ጋር አብረው ነበሩ። የቅኝ ግዛት ጦር በመሆናቸው ቆባቸው ግንባር ላይ የመልሕቅ ምልክት ይለጠፍ ነበር።

«ያቺን ቀን ልብ በል» አሉት። «ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ እዚሁ ሸዋ ውስጥ ሰገሌ ላይ የወሎው ንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ ጦር ተጋጠሙ። መትረየስ ነበረ፣ መድፍ ነበረ። የመኳንንቱ ራስ ላይ ግን የአንበሳ ጎፈር ነው እንጂ ብረት አልነበረም።»

«ፋሺስት ሲመጣስ? ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በዚያ ጎፈሬያቸው አይደል የተዋጉት?»

ጃገማ እዚሁ ምዕራብ ሸዋ፣ ደንዲ ወረዳ ተወልደው በ15 ዓመታቸው ዱር የገቡ አርበኛ ናቸው። መምህሩ የጎፈሬውን ነገር ሲሰሙ ፈገግ አሉ። አርበኛ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ መድፍ አይጠብቅም፣ መትቶ ይሰወራል፤ ስለዚህ ቆቡ ብዙም አልጎደለውም አሉ። ወዲያው ግን አከሉ፦ «ከአውሮፕላን ቦምብ ጎፈሬ አያድንም።» ጣሊያኖቹ በበኩላቸው የአድሪያንን ቆብ ከዓመታት በፊት ቢያውቁትም፣ በ1928 ዓ.ም. ሲወሩን አብዛኞቹ የደፉት ፀሐይ የሚከላከል የቡሽ ቆብ ነበር።

የእኛ ወታደር የብረት ቆብ ደፍቶ በሰፊው የታወቀው ኮሪያ ላይ ነው። የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በአሜሪካ መርከብ ሄደ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የአሜሪካኖቹን ቆብ ደፋ። ኮሪያ የዘመተው የፈረንሳይ ሻለቃም የደፋው ያንኑ ነበር። ቆብን ለዓለም ያስተማረች አገር የሌላ ደፋች ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣችው አዲሱ የፈረንሳይ ቆብ ራሱ የአሜሪካው ቅጂ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ሰማያዊው የተባበሩት መንግሥታት ቆብስ?»

«እሱም ከአሜሪካው የወጣ ነው። የአሜሪካው ቆብ ሁለት ነው፤ ከውጭ ብረት፣ ከውስጥ ቀላል ሌላ ቆብ። እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ሲናይ ለሚሄደው ጦር መለዮ ለማሰፋት ጊዜ ሲያጥር የውስጡን አውጥተው ሰማያዊ ቀቡት።»

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1978 እንደገና የብረት ቆብ አወጡ። በ1990ዎቹ ግን ቦስኒያ የነበሩ ሰላም አስከባሪዎቻቸው ይህ እንደማይበቃ አዩ፤ በምትኩ ስፔክትራ የሚባል 1.4 ኪሎ የሚመዝን ቆብ መጣ። ይኸኛው ብረት አይደለም፣ ከተደራረበ ጠንካራ ክር የተሠራ ነው። ሠሪው ጋሌ የሚባል ኩባንያ ለሞተረኞችና ለፓሪስ እሳት አጥፊዎችም ቆብ ይሠራ ነበር።

«የክላሽ ጥይት ይመልሳል?»

«ለዚያ አልተሠራም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የቆብ ጠላት ስብርባሪ ነው። ስብርባሪውን ቢያቆም እንኳ ቆቡ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ ከራስ ቅል ጋር እንዳይነካካ ውስጡ ክፍተት ይተውለታል።»

ልጁ ፎቶግራፉን ደግሞ አየው። «ታዲያ አድሪያን ብረቱን ለምን አላወፈረውም?»

«መቸኮል ስለነበረበት ነዋ። ስስና ለስላሳ ብረት በያኔው ማተሚያ ቶሎ ይቀረጻል፤ ወፍራምና ጠንካራ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ይዘገያል። ጀርመኖች ቆይተው የተሻለ ብረት አወጡ፤ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን። እሱ በብዛት ለጦሩ የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። የፈረንሳዩ እግረኛ ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ክረምት ያንን ስስ ቆብ ደፍቶ ምሽጉ ውስጥ አሳልፏል።»